የአፕ ሐሳብ ሲጠፋ የሚፈለገው ደብተር ያለበት ቦታ ነው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ፍላተር (የስልክ አፕ መሥሪያ) መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። የራሴን አፕ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ሐሳብ አይመጣልኝም። የመጣልኝ ሁሉ ተሠርቷል፦ ምግብ ማድረሻ፣ ታክሲ መጥሪያ፣ ሥራ መፈለጊያ። ጥሩ ሐሳብ ባገኝ ደግሞ ለሰው ከነገርኩት ይሰረቅብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ሰላም ወንድሜ፤ በመጀመሪያ የመጡልህ ሐሳቦች ለምን ሁሉም ሰው ዘንድ ተመሳሳይ እንደሚሆኑ እንይ። ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብለህ «ምን አፕ ልሥራ?» ብለህ ስትጠይቅ አእምሮህ የሚያመጣልህ ስልክህ ላይ ያየሃቸውን አፖች ነው። ምግብ ማድረሻና ታክሲ መጥሪያ የሚመጡትም ለዚህ ነው። እነሱ ደግሞ ለብቻው ለሚሠራ ጀማሪ ከሁሉም የከበዱት ናቸው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ወገኖችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋሉና። ሹፌር ከሌለ ተሳፋሪ አይመጣም፣ ተሳፋሪ ከሌለ ሹፌር አይመዘገብም። ኮዱን በሦስት ወር ልትጨርሰው ትችላለህ፤ ሹፌሮቹን ግን በሦስት ወር አትሰበስባቸውም። ስለዚህ ለመጀመሪያ አፕህ አንድ ቁርጥ ያለ መለኪያ ያዝ፦ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ቢጭነው፣ ያ ሰው በዚያው ቀን ይጠቅመዋል? «አይ፣ ሌሎችም መግባት አለባቸው» የሚል መልስ ያለውን ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው።

አሁን ወረቀቱን ትተህ ውጣ። የምትፈልገው ሰው ዛሬም ቢሆን ያለ አፕ እየሠራው ያለውን ነገር ነው። ምልክቶቹ በዐይን የሚታዩ ናቸው፦ በላስቲክ የተለበጠ ደብተር፣ አጠገቡ ካልኩሌተር፣ የቴሌብር ስክሪንሾት የሚለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ፣ ወይም አንድን ነገር ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላ የሚገለብጥ ሰው። ደብተር ካለ ችግሩ እውነተኛ ነው ማለት ነው፤ ማንም ለቀልድ ብሎ በየሳምንቱ አያሰምርም።

ለአምስት ቀን በቀን አራት አራት ምልከታ ጻፍ፤ ሃያ ይሆንልሃል። አንዱ ምልከታ ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ግን አምስት ነገር ይኑረው፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ፣ ምን ይበላሽበታል፣ አሁን እንዴት ይወጣዋል። «ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሲስተም» ብለህ ብትጽፍ ሐሳብ አይባልም። «የሰርቪስ ሚኒባስ ሹፌር በየወሩ መጀመሪያ የ14 ልጆችን ክፍያ ይቀበላል፤ አንዳንዱ በእጅ፣ አንዳንዱ በቴሌብር ነው፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ማን እንዳልከፈለ ይጠፋበታል፤ ወላጆቹ የላኩለትን መልእክት አንድ በአንድ እየከፈተ ያያል» ብትል ግን ከውስጡ ገጽ መሳል ትጀምራለህ። የሰፈር ሱቅ ዱቤ፣ የልብስ ሰፊ የልክ ደብተር፣ የኮንዶሚኒየም የጥበቃና የጽዳት መዋጮ፣ የዕድር መዝገብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት የስም ጥሪ፣ የወተት ኮንትራት፤ ሁሉም እዚያው ቆመው እየጠበቁህ ነው።

ከነዚህ አንዱን በቅርብ እናገላብጥ፤ ዕቁብን። ሐሳቡ አዲስ ነው ብዬ አይደለም፤ የዕቁብ አፖች ተሞክረዋል። አንድን ደብተር በደንብ ስታነበው ምን ያህል ነገር እንደሚወጣ ለማሳየት ነው።

24 ዕጣ ያለው፣ በሳምንት 1,500 ብር የሚጣልበት ዕቁብ አለ እንበል። በየእሁዱ 36,000 ብር ይወጣል፣ በ24 ሳምንት ያልቃል። ጀማሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው «24 አባላት» ብሎ ሰንጠረዥ ይሠራል። ደብተሩን ብትከፍተው ግን 25 ስም ታገኛለህ። ሃያው አንድ አንድ ዕጣ አላቸው፤ አንዱ ነጋዴ ሁለት ይዟል፤ አራቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው በግማሽ ዕጣ 750 ብር ይጥላሉ። ሰው እና ዕጣ አንድ አይደሉም። ይህን በወረቀት ላይ ሳታይ ኮድ ከጀመርክ በሦስተኛው ሳምንት መረጃ ቋቱን ከሥሩ ትነቅለዋለህ። ትክክለኛው አከፋፈል ሰው፣ ዕጣ፣ ድርሻ (ማን በየትኛው ዕጣ ስንት እጅ አለው)፣ ሳምንት እና ክፍያ ነው። 25 ሰው በ24 ሳምንት ሲባዛ 600 ምልክት ይሆናል፤ የዕቁቡ ጸሐፊ በእስክሪብቶ የሚያስቀምጠው ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። የዕቁብ አፕ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ዕጣ ማውጫውን ነው፤ የሚሽከረከር ነገር፣ ቀለም፣ ጭብጨባ። አባላቱ ግን ያን አይፈልጉትም። የተጠቀለለችው ብጣሽ ወረቀት በሕፃን እጅ ስትነሳ በዐይናቸው አይተው ነው የሚያምኑት፤ ስልክ «ዕጣው ለእገሌ ወጣ» ቢል የሚጠረጠረው የስልኩ ባለቤት ነው። ዕጣ ማውጣቱ የተበላሸ ነገር የለውም፤ እንዲያውም የዕቁቡ ደስታ እዚያ ላይ ነው፤ አትንካው። የተበላሸው ሌላ ነው፦ እሁድ 8 ሰዓት ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ «ማን ነው ያልጣለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ጸሐፊው በአንድ እጁ ደብተር፣ በሌላው ቴሌግራም ይዞ ስክሪንሾት ይቆጥራል። አፑ ማለት ያቺ አንዲት ገጽ ናት። ያልጣሉት ስም ከላይ፣ የጣሉት ከታች፤ አናት ላይ «ከ36,000 የገባው 31,500» የሚል ቁጥር። ሌላው ሁሉ ይቆየን።

እዚህ ላይ ስክሪንሾቱን ራሱን ተመልከተው። ምስል ይቆረጣል፣ ይስተካከላል፣ ያለፈው ሳምንቱም ተመልሶ ይላካል። የማይደገመው የግብይት ቁጥሩ ነው። ስለዚህ አፕህ ምስሉን ሳይሆን ቁጥሩን ይመዝግብ፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ «ይህ በ6ኛው ሳምንት ተመዝግቧል» ብሎ ይቁም። ብዙዎች ከዚህ ዘለው «አፑ የቴሌብርን መልእክት ራሱ ያንብብ» ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን ጎግል ፕሌይ የአጭር መልእክት ማንበቢያን ፈቃድ አጥብቆ ከያዘው ቆይቷል፤ ዋና ሥራው መልእክት መላላክ ላልሆነ አፕ በቀላሉ አይፈቅድም። ሥራህን ጨርሰህ ስታስገባው ውድቅ ሊደረግብህ ይችላል። በእሱ ፈንታ ተጠቃሚው መልእክቱን ቀድቶ ይለጥፍ፤ አፕህ ከጽሑፉ ውስጥ ገንዘቡንና የግብይት ቁጥሩን ይልቀም። አንድ ንክኪ ይጨምራል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ገንዘቡን ራሱ በአፑ በኩል ሰብስቦ መያዝ የሚባለውን ሐሳብ ግን ከአሁኑ ሰርዘው። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ማቆየትና ማስተላለፍ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ብሩ በለመደው መንገድ ይሂድ፤ አንተ መዝገቡን ያዝ።

ከሃያው ምልከታ ወደ አንድ ለመውረድ ብዙ ቀመር አያስፈልግህም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻውን የማይጠቅመውን አውጣ። ቀጥሎ ከሳምንት አንዴ ያነሰ የሚያስፈልገውን አውጣ፤ በዓመት አንዴ የሚከፈት አፕ በመሐሉ ይረሳል፣ ስልኩ ሲሞላም መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውን። የቀሩት ብዙውን ጊዜ ከአራት አይበልጡም፤ ከእነሱ ውስጥ ባለ ደብተሩን በየሳምንቱ በአካል ልታገኘው የምትችለውን ምረጥ። ይህ የመጨረሻው ሰነፍ መለኪያ ሊመስልህ ይችላል፤ ግን ከሁሉም የበለጠ የሚሠራው እሱ ነው።

አሁን ወደ መሳሉ። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ እጠፍና ዘርጋው፤ ስምንት ሳጥን ይወጣዋል። ስምንት ደቂቃ ቁጠርና ያችኑ አንዲት ገጽ በስምንት የተለያየ መልክ ሳል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የለመድካቸው አፖች ቅጂ ይሆናሉ። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ትጨናነቃለህ፤ ያኔ ነው «ለምን የስም ዝርዝር ይሆናል? ለምን እንደ ደብተሩ ሰንጠረዥ አይሆንም? ለምን ያልከፈሉት ስም ብቻ አይታይም?» የሚለው የሚመጣው። በእስክሪብቶ ሳል፤ እርሳስ ካለ ላጲስ ይመጣል፣ ላጲስ ካለ ማስዋብ ይመጣል። በኮምፒውተር ገጽ የሚነደፍበትን ፊግማን ገና አትክፈት።

ቃላቱን ከደብተሩ ውሰድ። ጸሐፊው «ጥሏል»፣ «አልጣለም»፣ «ወጥቶለታል»፣ «ዋስ» ብሎ ከሆነ የሚጽፈው፣ ቁልፍህ ላይ «ክፍያ በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል የባንክ አማርኛ አትለጥፍ። ይረዝማል፣ በትንሽ ስልክ ላይ ለሁለት ይሰበራል፣ ደግሞም ማንም እንደዚያ አያወራም። ቁጥሮቹንም ለጌጥ ብለህ በ፩ እና ፪ አትጻፍ፤ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው 1,500ን በአንድ እይታ ማንበብ አለበት።

የመረጥከውን በአምስት ካርቶን ላይ በትልቁ ገልብጠህ ለባለ ደብተሩ ስጠው፤ «አንድ አባል አሁን 1,500 ብር በእጁ ሰጠህ፤ መዝግበው» በለውና ዝም በል። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ እጅህ ሊጠቁም ይፈልጋል። የት ላይ ጣቱ እንደቆመ፣ የቱን ቃል ጮክ ብሎ እንዳነበበ፣ ስንት ንክኪ እንደፈጀበት ጻፍ። ተፎካካሪህ እስክሪብቶ ነው፤ እስክሪብቶ ደግሞ አንዲት ምልክት በሁለት ሰከንድ ያስቀምጣል። አፕህ ከተከፈተ በኋላ ከሁለት ንክኪ በላይ ከጠየቀ ሰውየው ደብተሩ ላይ መጻፉን ይቀጥላል፤ «ማታ ወደ ስልኩ እገለብጠዋለሁ» ይላል፣ አይገለብጥም። ቢያንስ በአምስት ሰው ሞክር፤ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ጥፋቱ የሥዕልህ ነው።

አሁን ደግሞ እኛ ጋ ብቻ የሚያጋጥሙ፣ ከውጭ የተቀዳ መመሪያ የማይነግርህ ጣጣዎች አሉ። በሐሳብ ደረጃ እያለህ ካላየሃቸው በኋላ ዋጋ ያስከፍሉሃል።

ቀንና ሰዓት ከሁሉም ይብሳል። ተጠቃሚው «እሁድ 8 ሰዓት» ብሎ ሲያስገባ ስልኩ ሊያውቀው የሚገባው 14፡00ን ነው። እንዳለ 08፡00 ብለህ ካስቀመጥከው ማስታወሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጮሃል፤ ስድስት ሰዓት ቀደመ ማለት ነው። ወር ላይም እንዲሁ ነው፤ ለወርሃዊ መዋጮ 30 ቀን እየደመርክ ከሄድክ ነሐሴ 5 ላይ የደመርከው ጳጉሜን 5 ላይ ይጥልሃል፤ ኮሚቴው ግን መስከረም 5ን ነው የሚጠብቀው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው፤ 2015 እንዲያ ነበር፣ የሚመጣው 2019 ነው። መፍትሔው መረጃ ቋቱ ውስጥ ጊዜውን በፈረንጅ አቆጣጠር ማስቀመጥና ለዐይን ብቻ ወደ እኛ መመለስ ነው፤ ቀጣዩን ወር ስታሰላ ግን በእኛ ወር ቁጠር። ስሌቱን ከዜሮ መጻፍ አይጠበቅብህም፤ በዳርት (ፍላተር በሚጠቀምበት ቋንቋ) የተጻፈ አቡሻኪር የሚባል ዝግጁ የኮድ ጥቅል አለ። ፍላተር ይዞት የሚመጣው ቀን መምረጫ እንዳለ ሲወሰድ የፈረንጅ ስለሆነ ግን መምረጫውን ራስህ ሳለው፤ 13 ወር ያለው ቀላል ሰንጠረዥ ይበቃል።

ስም ፍለጋ ሁለተኛው ነው። «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበ ሰው በማግስቱ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልግና «የለም» ይባላል፤ ከዚያ ደግሞ አዲስ ሰው ብሎ ይመዘግበዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ሆነ። ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጥ፤ ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ ያዝ፤ በእሱ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መልስ፤ ሃን፣ ሓንና ኃንም ወደ ሀ፣ ኣንና ዓንም ወደ አ አጥፋቸው። ሃያ መስመር ኮድ ነው። ቅጹም ላይ «የቤተሰብ ስም» አትበል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገም የአያት ስም። ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ በ09፣ በ07፣ በ+251 ይጻፋል፤ ስታስቀምጥ ወደ አንድ መልክ ካልመለስከው ያው ሰው ሦስት ጊዜ ይገባል።

ስማርት ስልክ የሌለው አባል ሁልጊዜ አለ። ታክሲ መጥሪያው ራይድ በአፕ ብቻ አልቀረም፤ 8294 ደውሎ መኪና የሚጠራ ሰውም ያስተናግዳል። ለአንተ የሚቀርበው መንገድ አጭር መልእክት ነው፤ ልብ በል፣ በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ክፍተትም ይቆጠራል፤ 71ኛው ላይ ለሁለት ይከፈልና ሂሳቡም እንደ ሁለት ይሆናል። «ሰላም፣ የዚህ ሳምንት የዕቁብ 1,500 ብር እስከ እሁድ 8 ሰዓት ይጣል።» የሚለው በአንድ ይገባል። ሰላምታና የምስጋና ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ለ25 ሰው 50 መልእክት ልትልክ ነው። አፕህ ራሱ አይላከው፤ የስልኩን የመልእክት ገጽ ጽሑፉን ሞልቶ ይክፈትለት፣ መላኪያውን ሰውየው ይጫን። ያኔ የፈቃድ ጣጣውም አይነካህም።

መረጃው መጀመሪያ ስልኩ ላይ ይቀመጥ፤ ኤስኪውላይት (ስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ ቋት) ለ600 ምልክት ከበቂ በላይ ነው። የሚፈራው ስልኩ የጠፋ ዕለት ነው፤ 18 ሳምንት የተጣለበት ዕቁብ መዝገብ አብሮ ጠፋ ማለት ሰው ሊጣላ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ስሪት ጀምሮ በየእሁዱ መዝገቡን እንደ ፋይል ወደ ቴሌግራም የሚያወጣ ቁልፍ ይኑር፤ ጸሐፊው ለዕቁቡ ዳኛ ይላክለት፤ ሁለት ሰው እጅ ላይ ያለ መዝገብ ለአባላቱም እምነት ይሰጣል። ስም፣ ስልክና ገንዘብ ስትይዝ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን አትርሳ፤ የማያስፈልግህን አትጠይቅ። የመታወቂያ ፎቶ ለምንህ ነው?

ወጪው ይህን ይመስላል። ጎግል ፕሌይ አንዴ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋሉ። በፕሌይ ላይ ከኖቬምበር 2023 ወዲህ በግል ስም የተከፈተ አካውንት አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀን ተመዝግበው እንዲቆዩለት ይጠበቃል። 25 አባላት ያሉት ዕቁብ ሞካሪ አያሳጣህም፤ በየሳምንቱ የምታገኘውን ሰው ምረጥ ያልኩህ በከፊል ለዚህ ነው። እስከዚያ ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም ላክላቸው፤ ለየስልኩ የፕሮሰሰር ዓይነት ለይተህ ገንባው፣ ካልሆነ ለሁሉም የሚሆነው አንድ ፋይል ያለ ምክንያት ይገዝፋል፣ ዳታ የሚቆጥብ ሰውም አያወርደውም።

«ይሰረቅብኛል» ያልከውን በተመለከተ፦ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቀው የጻፍከው ኮድ ነው፤ ሐሳብ በራሱ አይጠበቅም። ስለዚህ ደብቀህ የምትከላከለው ነገር የለህም፤ መደበቁ የሚያሳጣህ ደግሞ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ነው። ባለ ደብተሩ ደብተሩን እንዲያሳይህ ምን ልትሠራ እንዳሰብክ መንገር አለብህ። ባይሆን የሌሎቹን ሰዎች ስምና ገንዘብ ለማንም እንደማታወራ ንገረው፤ እሱ የሚሰጋው ለዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ስሪት ስትሰጠው ደብተሩን አታስጥለው። ለአራት ሳምንት ሁለቱንም ጎን ለጎን ይያዝ። በአራተኛው እሁድ ቁጭ በሉና ገጹን ከስልኩ ጋር አስተያዩት። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ጥሩ፤ አንተ ግን በዋነኛነት ኅዳጉን ተመልከት፤ ጸሐፊው በትንሹ የጫራትን፦ «ዕጣውን ለእገሌ ሸጧል»፣ «ዋሱ ተቀይሯል»፣ «ግማሹን ሐሙስ ያመጣል»። አፕህ ውስጥ መጻፊያ ቦታ ያጣው እዚያ ነው የተጻፈው። ለሁለተኛው ስሪት ሌላ ሐሳብ ከመፈለግህ በፊት ያን ኅዳግ ፎቶ አንሳው።